የጋሽ ቬልኮ ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው

— ሄሎ? … አቤት፣ ዝላትካ ነኝ። … እንዴ፣ ጋሽ ቬልኮ! እንዴት ዋሉ ጋሼ? … ምነው ድምፅዎ? ለምንድን ነው የሚያንሾካሹኩት?

— … ምን አሉ?

— አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ እስቲ። … ማን ነው የሞተው? … እርስዎ።

— ጋሼ፣ የፕሪም አረቄውን ከጠዋቱ ጀመሩት እንዴ? … እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ። አልቀመሱም። ዳቦና አይብ ብቻ፣ ገባኝ። ታዲያ የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ነው ስልክ የሚደውለው?

— አበባ? የምን አበባ? … ቆይ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ቀስ ብለው። … እሺ። … የፋርማሲዋ ሴትዮ። … እሺ። … አጥሩ በር ላይ አበባ አስቀምጣ፣ አልቅሳ ሄደች። አላንኳኳችም? … እውነትዎን ነው፣ ብቻዎን የሚኖሩ ሰው ሞቱ ተብሎ ማንን ብላ ታንኳኳ። … ስንት? ሁለት አበባ? … ኧረ እንግዲያው ለሙት ነው ያመጣችው። ለቁም ሰውማ ማን ጥንድ ቁጥር ይሰጣል፣ አንድ ወይ ሦስት ነው እንጂ።

— ሌላስ ማን መጣ? … ጎረቤትዎ ዶንካ። … ንፍሮ? የስንዴ ንፍሮ ቀቅላ በሩ ላይ አስቀመጠች። … ጋሼ፣ እየበሉ ነው እንዴ? … የራስዎን ንፍሮ? … ስኳር በዝቶበታል። … እሺ፣ ፔንካ እንደዚህ አታበዛም። አውቃለሁ። ጋሼ፣ በማርያም ይሁንብዎ፣ ሳህኑን ያስቀምጡና ይንገሩኝ፤ ሞተዋል ብሎ ማን ነው ያወራብዎ?

— … የት ላይ አዩት? … የጡረተኞች ክበብ ውስጥ፣ በጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ። … ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ታብሌት? እኛ በሰቀልነው? … ፎቶዎ። … ስክሪኑን ሞልቶ።

— አለሁ። አለሁ ጋሼ። አንድ ጊዜ መስመር ላይ ይጠብቁኝ፣ እንዳይዘጉት።

— ኦግንያን። … ኦግንያን፣ ማዳመጫውን ከጆሮህ አውጣው። ዛሬ ጠዋት ወደ አፕ መደብሩ የወጣው የትኛው ነው? … አዲሱ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ የትኛው ጥቅል ነው የምልህ። ለሕዝብ የሚወጣው ነው ወይስ እኛ የምንሞክርበት? … መሰለኝ አትበለኝ፣ ክፈተውና እየው።

— አዎ ጋሼ፣ አለሁ። … አይ፣ ምንም አልሆነም… ማለቴ፣ ገና አላወቅሁም። ታብሌቴ ላይ ልክፈተው። እኔ ራሴ አፑን አላሳደስኩትም፣ እየወረደ ነው። … ትንሽ ይታገሱኝ። … ይኸው ተከፈተ።

— ጌታ ሆይ።

— «ቬልኮ ድራጎየቭ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቅዱስ ኒኮላ ቤተ ክርስቲያን።» … አዎ፣ እያየሁት ነው። … ፎቶውማ በስም ቀኔ በዓል ቤታችን ሲጋበዙ የተነሱት ነው። ሹካው ላይ የነበረው ቋሊማ አይታይም፣ ቆርጠነዋል። … ያምራል? ጋሼ፣ አሁን ፎቶ የምናደንቅበት ሰዓት ነው?

— … ምን አልክ ኦግንያን? … የሙከራው ነው። … እርግጠኛ ነህ? … ምነው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ።

— ጋሼ፣ ላስረዳዎት። ግን አይቆጡኝም። … አይ፣ መጀመሪያ አይቆጡኝም። … እሺ። አፓችንን ያውቁታል፤ በየበሩና በየምሰሶው የምንለጥፈውን የሞት ማስታወቂያ በስልክ የሚያሳየው። … አዎ፣ «ስንብት»። ታዲያ ስንሠራው፣ በትክክል ይነበብ እንደሆነ፣ ትንሽ ስልክ ላይም ትልቅ ታብሌት ላይም ፎቶው ይቀመጥ እንደሆነ ለማየት፣ አንድ የውሸት ሟች ያስፈልገናል። … የውሸት። ስም ያለው፣ ፎቶ ያለው፣ የቀብር ሰዓት ያለው። … አዎ። … እርስዎ ነዎት።

— ለምን እርስዎ? … ምን ልበልዎ፣ ያን ሰሞን ምድጃችንን ሊጠግኑ ይመላለሱ ነበር፣ ፎቶዎም እጄ ላይ ነበረ። ደግሞ እኮ ይሙቱ ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸው እንደ ብረት ናቸው፣ ምንም አይነካቸውም ብዬ ነው። … ስንት ጊዜ? ስንት ጊዜ ገደላችሁኝ ነው የሚሉት? … አልቆጠርነውም ጋሼ። ሥራ በገባን ቁጥር።

— አይሳቁ፣ የሚያስቅ ነገር የለውም። … እንዴት ወጣ? እንዴት እንደሆነ… የዶንካን የድልህ ማሰሮ ያስቡት። አንዱ ማሰሮ ክዳኑ ተከፍቶ ጓዳ የሚቀመጥ፣ እየቀመሰች ጨው የምትጨምርበት ነው። ሌላው ጥርቅም ተደርጎ ታሽጎ ገበያ የሚወጣ። እኛም ሁለት ጥቅል አለን። እርስዎ ያሉት በሚቀመሰው ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የሚቀመሰው ታሽጎ፣ ማኅተማችን ተመትቶበት ገበያ ወጣ። … ከከተማው ስልክ ሁሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ አዎ። … ማን አሸገው? ያሸገው ኦግንያን ነው። ላከው ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ሁለታችንም አላየንም። «ሙከራ» የምትል አንዲት ምልክት አለች፣ ከማሸግ በፊት የምትነሳ። አልተነሳችም። በቃ ይኸው ነው።

— … ቀኑ? ቀኑን እንዴት አወቃችሁ ነው? … ጋሼ፣ ይሄኛው ደግሞ የባሰው ነው። የተወሰነ ቀን የለውም። ባየነው ቁጥር ፊት ላይ እንዲመጣ ብለን «ዛሬ» እንዲል ነው ያደረግነው። … አዎ፣ ነገም ሲከፍቱት ዛሬ ይላል። … አዎ። ነገም ይቀበራሉ።

— እናስተካክለዋለን እንጂ! ኦግንያን አዲሱን እያሸገ ነው። ግን መደብሩ መርምሮ ነው የሚያወጣው፣ ለዛሬ ላይደርስልን ይችላል። ለዛሬ ሌላ ዘዴ አለን፤ ከዚሁ ቁጭ ብለን ለሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ አጭር መልእክት እንሰዳለን። ስህተት ነው፣ ሰውዬው አሉ፣ ብለን። ኦግንያን ጽፎ ጨርሷል። … ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አንብብልኝ። … «ሟቹ በሕይወት አሉ»? ኦግንያን፣ እንደዚህ ይባላል? ሟቹን አውጣው። … እሺ። በቃ ጫነው—

— አቤት ጋሼ? … ምን? … አይጫን?

— ኦግንያን፣ እጅህን አንሳ። … ከላዩ ላይ አንሳ አልኩህ። … ምን እያሉኝ ነው ጋሼ? … ትንሽ ቆዩ? ምን ቆዩ የሚባል ነገር አለው፣ ሰው እያለቀሰ ነው እኮ። የፋርማሲዋ ሴትዮ ሱቋን ዘግታ ይሆናል። የኦግንያን ስልክ ደግሞ ያለማቋረጥ ነው የሚጮኸው። … ምን አልክ? … ጋሼ፣ አንድ ሰው መደብሩ ላይ አምስት ኮከብ ሰጥቶን ሥሩ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎልናል።

— ቆይ። … እሱ ደወል ነው? … አዎ፣ በእኛም መስኮት ይሰማል። አባ ኒኮዲም እያስደወሉልዎ ነው። … እሳቸውማ የቀብር ቀጠሯቸውን ከአፓችን ላይ ነው የሚያዩት፣ ዲያቆኑ ተቀብሎ ሳይነግራቸው የቀረ መስሏቸው ይሆናል።

— እሺ። አሁን ይንገሩኝ። ለምንድን ነው እንድንቆይ የፈለጉት?

— … ስታመን። … ወንድምዎ ስታመን።

— ከወንዙ ማዶ ነው ያለው፣ አይደል? … የአባታችሁን የፕሪም እርሻ ስትከፋፈሉ ጊዜ ነው የተጣላችሁት። አባቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር። … ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን? … በባለቤትዎ በፔንካ ቀብር ላይማ አይቼዋለሁ እኮ፣ ሬሳ ሳጥኗን በትከሻው ተሸክሞ። … አዎ። አፈር ከለበሰች በኋላ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። … ይመጣ እንደሆነ ማየት ነው የፈለጉት።

— ጋሼ፣ ይሄ ግፍ ነው። ልነግርዎ ይገባል፣ ግፍ ነው። ልቡ ደካማ ነው እያሉ ነው የሚያወሩት። በዚህ ድንጋጤ መንገድ ላይ ክልትው ቢልስ? ያኔ አፓችን ውስጥ እውነተኛ ሟች ይኖረናል፣ ያንን ደግሞ በአዲስ ጥቅል አናነሳውም። … አይ፣ እኔ አልቀልድም።

— ለምን ራስዎ አይደውሉለትም? ስልክ ይዘው የለ እጅዎ ላይ፣ ለእኔ ደውለው የለ።

— … ሄሎ? ጋሼ፣ ይሰሙኛል?

— … እ። … ምን እለዋለሁ ብለው። … አዎ። … ሙት ከሆኑ ምንም ማለት አይጠበቅብዎትም። እሱ ይመጣል ወይም አይመጣም፣ በቃ። … ገባኝ። … አይ፣ ገባኝ ጋሼ፣ አያስረዱኝ። … እያለቀሱ ነው? … እሺ፣ አፍንጫዎ ነው የሚያፈሰው።

— ኦግንያን፣ እንደዚያ አትየኝ። ቆይ አልኩህ።

— … ለመሆኑ የተረፈውን አንብበውታል? … መነጽርዎን ማን ያገኘዋል። ፎቶውንና ሰዓቱን ብቻ አዩ። ልጨርስልዎት፣ ቢያንስ ምን ብለን እንደቀበርንዎ ይወቁት። «በጥልቅ ሐዘን የሚሰናበቱት፦ ወንድሙ ስታመን… ባለቤቱ… ባለቤቱ ፔንካ…»

— ጋሼ። … ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን እኔ አላየሁትም፣ እግዜር ምስክሬ ነው። … ኦግንያን፣ ይሄን ማን ጻፈው? ፔንካን ማን ጻፈ? … አንተ? ፔንካ እኮ አርፋለች። … እንዴት አታውቅም! … ምን? … ቀስ ብለህ ተናገር።

— ጋሼ፣ ኦግንያን የሩሴ ከተማ ልጅ ነው፣ ወደዚህ የመጣው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ምን እንደሚል ልንገርዎ? ምድጃውን ሲጠግኑልን አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ነበር። «ፔንካ ጭስ አትወድም» ይሉ ነበር። «ፔንካ እርጥብ እንጨት አታስገባኝም» ይሉ ነበር። እቤት የምትጠብቅዎ ነው የመሰለው። … አዎ። … አዎ፣ እርስዎ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያወሩት፣ እኛማ ለምደነው ነው። ቅድምም ስለ ስኳሩ ብለዋል። … አይ፣ ጥፋትዎ አይደለም፣ ምን ጥፋት አለው። … እሱ አሁን ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ይቅርታ ይጠይቁልኝ እያለኝ ነው።

— … ምን ይላሉ? … አይቀየምም? … ኦግንያን፣ አልተቀየሙህም። ስሟ እዚያ ላይ በማየታቸው… ምን አሉ ጋሼ? … ደስ ብሏቸዋል።

— የሚገርመኝ ግን ይሄን ያ ሁሉ ሰው አለማየቱ ነው። ዶንካ ቀብሯ ላይ ነበረች። ፍትሐት ያደረጉላትም አባ ኒኮዲም ራሳቸው ናቸው። ፔንካ ታዝናለች የሚለውን አንድም ሰው አላነበበም ማለት ነው። ሰው ለካ ፎቶና ሰዓት አይቶ ወደ አበባ ሱቅ ነው የሚሮጠው።

— እሺ ጋሼ፣ አሁን ግን በቃ። ልልከው ነው። ከዚህ በላይ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰለፋል፣ እኛም ከዚህ ከተማ በድንጋይ ተባርረን እንወጣለን። … አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ? እርስዎ ሲጋራ ካቆሙ ቆዩ እኮ። … ጋሼ፣ እንዳይለምኑኝ። እንደርስዎ ያለ ሰው ሲለምነኝ አልችልም።

— … ማን?

— የት ጋ? … ድልድዩ ላይ። … እርግጠኛ ነዎት? መነጽር አላደረጉም እኮ። … በአረማመዱ። እሺ። … ኦግንያን፣ ስታመን እየመጣ ነው። … ወንድማቸው!

— በእግሩ ነው? … በእግሩ። ጋሼ፣ ከመጋረጃው ኋላ ይውጡ። በሩ ጋ ሳይደርስ ቆመው ይዩት፣ ሳይደነግጥ። … እንዴት አልችልም ይላሉ? ወንበር ይያዙ። ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው… እሺ፣ እሺ፣ ይቁሙ። እዚያው ይቁሙ። ይንገሩኝ ምን እያደረገ እንደሆነ።

— … ቆመ። … የዶንካን ሳህን አየ። … ጭስ ማውጫውን ቀና ብሎ አየ። ምድጃው እየነደደ ነው እንዴ? … ሙት ምድጃ ያነዳል ጋሼ? … አበባ ይዟል? … ይዟል። … አዎ።

— … ምን እየቆጠሩ ነው?

— ሦስት? … ደግመው ይቁጠሩት። አንዷ ከቅጠሉ ኋላ ተደብቃ ይሆናል። … መስኮቱን ጠጋ ብለው ይዩ፣ አሁን ቢያይዎም ይይዎ። … ሦስት ነው።

— ጋሼ… ሦስት ለሙት አይመጣም።

— … አይ፣ ስታመን አይሳሳትም። አባት እናት የቀበረ ሰው ይሳሳታል? የፋርማሲዋ ሴትዮ እንኳን አልተሳሳተችም። … እንዴት አወቀ? እንዴት አወቀ ይሉኛል? አንብቦታላ! እስከ መጨረሻው አንብቦታል። ፔንካ ትሰናበታለች የሚለው ጋ ደርሷል። ሳጥኗን በትከሻው ተሸክሞ እሷ መሞቷን ያጣዋል? ውሸት መሆኑን አውቋል ጋሼ። … አዎ። አውቆ ነው የመጣው።

— … ጋሼ? … ሄሎ? … ጋሽ ቬልኮ?

— ሽሽ፣ ኦግንያን። አልዘጉትም። ስልኩን የሆነ ቦታ ላይ ጥለውት ሄዱ። … እርምጃ ነው። … ወንበር ወደቀ። … የለም የለም፣ እሳቸው አልወደቁም፣ እየሄዱ ነው። … በሩ ተከፈተ።

— …

— ምንም አይሰማም። … ቆይ። … ስታመን ነው። «ይሄ በር ዛሬም ይጮሃል» አለ። … ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለም።

— … ጋሽ ቬልኮ ናቸው። «ፔንካ ዘይት ሲንጠባጠብ አትወድም» አሉ።

— …

— … «አዎ፣ አትወድም» አለ።

— …

— ላከው ኦግንያን። … አዎ፣ አሁን ላከው። … አይ፣ ያን ሁሉ ይቅርታ ተወው፣ የእኛን ጥፋት ነገ እንጽፋለን። «ቬልኮ ድራጎየቭ አሉ» በል። በቃ።

— … ሄደ? … እሺ። እኔም ልዝጋው። ከዚህ ወዲያ ያለው የእኛ አይደለም።